ሦስቱ ፓሻዎችና የጎረቤታችን ወፍጮ

ንፋስ መውጫ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ከመማሪያ መጽሐፉ አንድ ገጽ ላይ ስደርስ ድምፄ እንደሚለወጥ ተማሪዎቼ ያውቃሉ። ባለፈው ዓመት አንዷ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ እነዚህ ሰዎች ምን አድርገውዎት ነው?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ገጹ ስለ ቱርክ ወጣት መኮንኖች ነው። የኦቶማን መንግሥት አርጅቶ ግዛቱ ከየአቅጣጫው እየተቦጨቀ ሳለ «አገሩን እናድናለን» ብለው በምስጢር ተደራጁ። ሱልጣኑን አስገድደው ሕገ መንግሥት አስመለሱ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከመካከላቸው ሦስቱ ፓሻ ተብለው መንግሥቱን ጠቅልለው ያዙ። መጽሐፉ ለዚህ ሁሉ አንድ አንቀጽ ነው የሰጠው። እኔ ሳምንት እሰጠዋለሁ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ «ፖርሽን አልጨረስሽም» እያለ ይቆጣኛል። ይቆጣ።

ምክንያቴን ክፍል ውስጥ ተናግሬ አላውቅም። እዚህ ልናገረው።

ያደግሁት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው። አንድ ወንድም አለኝ፣ በዓመት ከምናምን ይበልጠኛል። አንድ ክፍል ስለደገመ ሁለተኛ ደረጃ ላይ አብረን ተቀመጥን። የታሪክ መምህራችን ረጅም፣ ድምፀ መረዋ ሰው ነበሩ። ጠመኔ አያነሡም፤ መጽሐፍም አይገልጡም። እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ይናገራሉ፣ እኛ ደግሞ እንፈዛለን።

ስለ ቱርኮቹ ያስተማሩን ቀን ዝናብ ነበር፤ የጣሪያው ቆርቆሮ እየጮኸ እንኳ ድምፃቸው ይሰማ ነበር። «ተሰሎንቄን ታውቋታላችሁ?» አሉን። የማያውቅ አልነበረም፤ የጳውሎስ መልእክት በየቅዳሴው ይነበባል። «እንግዲህ እነዚያ መኮንኖች የተማማሉት እዚያች ከተማ ነው» ሲሉን ታሪኩ በአንዴ የሰፈራችን ሆነ። ሰላይ በየቤቱ የሚሰድድ፣ ጥላውን የሚፈራ ሱልጣን ሣሉልን። ዓይን ተሸፍኖ የሚገባበት የመሐላ ክፍል ሣሉልን። ከመሪዎቹ አንዱ ተራ የፖስታ ቤት ሠራተኛ እንደነበረ ሲነግሩን የወንድሜ ወገብ ቀጥ አለ። መኮንኖቹ ተራራ ወጥተው ሸፈቱ። ሱልጣኑ ደንግጦ ሕገ መንግሥቱን መለሰ። በየአደባባዩ ቄሱና ሼኩ፣ ግሪኩና አርመኑ፣ አይሁዱና ቱርኩ ተቃቅፈው አለቀሱ። መምህራችን እዚህ ሲደርሱ የራሳቸውም ዓይን እርጥብ ነበር። ደወሉ ተደወለ።

በማግሥቱ ሌላ ምዕራፍ ጀመሩ። የተቃቀፉት ሰዎች ኋላ ምን እንደሆኑ የጠየቀ የለም።

ወንድሜ ከዚያን ቀን ወዲያ ሌላ ሰው ሆነ። ሰነፍ የነበረው ልጅ ጋዜጣ እያሳደደ ማንበብ ጀመረ፣ ጓደኞቹን ሰብስቦ መናገር ጀመረ። ስም ወጣለት፤ ፓሻ። ስሙን ይወደው ነበር። እናቴ ምን ማለት እንደሆነ ሳታውቅ እሷም ፓሻ ትለው ነበር።

ስለ ጎረቤቶቻችን ደግሞ ልናገር። ከቤታችን በታች ወፍጮ ቤት ነበር። ባለቤቱና ሚስቱ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። ከየት እንደመጡ አልጽፍም፤ ብጽፈው አንባቢው ወዲያው ወገን ይይዛል፣ ከዚያ በኋላ የምናገረውን አይሰማኝም። ከእኛ በፊት ነው ሠፈሩ ውስጥ የነበሩት። የመካነ ኢየሱስን ገበሬ ጤፍና ገብስ የፈጩ፣ ዕድር የገቡ፣ ሙት የቀበሩ ሰዎች ናቸው። ወንድሜ ሲወለድ እናቴ በጠና ታመመች፤ ወተቷ ነጠፈ። የባለወፍጮው ሚስት፣ እትዬ የምንላት፣ ያኔ የምታጠባት፣ ኋላ ሩቅ አገር የተዳረች ሴት ልጅ ነበረቻት። ወንድሜን ተቀብላ ከልጅዋ ጋር አጠባችው። እናቴ እስክትነሣ ድረስ እቅፏ ውስጥ ነው ያደገው። ይህንን የማያውቅ የሠፈር ሰው የለም፤ ወንድሜም ያውቀዋል። ልጅ ሆነን ስንጣላ «አንቺ አንድ እናት፣ እኔ ሁለት» እያለ ይኮራብኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የታሪክ ትምህርት መረጥሁ፤ በመምህራችን ምክንያት ነው። እዚያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቀሪውን አነበብሁት።

መኮንኖቹ መንግሥቱን በምርጫ ሳይሆን በሽጉጥ ወሰዱት። ሚኒስትሮች ስብሰባ ላይ እያሉ ዘልቀው ገቡ፤ የጦር ሚኒስትሩን ገደሉት። ከዚያ ማንም ሳያስገድዳቸው አገሩን የዓለም ጦርነት ውስጥ ከተቱት። ከሦስቱ በዕድሜ ትንሹ ፓሻ ሠራዊቱን በክረምት ወደ በረዶ ተራራ ነዳው። ካፖርት የሌለው፣ ጫማው የተቀደደ ገበሬ ነው የነዳው። እኔ ከጉና ሥር ያደግሁ ነኝ፤ ውርጭ የገብስ ማሳ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ያ ሁሉ ሰው ከጠላት ጋር በቅጡ ሳይገናኝ በረዶ ላይ ደርቆ ቀረ። ፓሻው ግን ወደ ዋና ከተማው ተመለሰ። «ተሳሳትሁ» አላለም። «አርመኖች ከዱን» ተባለ።

ያ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ደግሞ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ ነበር። በእሱ ትእዛዝ አርመኖቹ፣ እነዚያው በአደባባይ የታቀፉት፣ ከየቤታቸው ወጡ። «ለጊዜው ነው፣ ለጦርነቱ ሲባል ነው» ተባሉ። ወንዶቹን ለይተው ገደሏቸው፤ ሴቶችንና ሕፃናትን በእግር ወደ በረሃ ነዷቸው። ለቤታቸውና ለሱቃቸው ደግሞ ሕግ ወጣለት፤ «ባለቤቶቹ ትተውት የሄዱት ንብረት» የሚል። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ። ትተውት የሄዱት። ሰው በሰደፍ ከቤቱ ተገፍቶ ወጥቶ፣ ትቶት ሄደ ይባላል።

በጦርነቱ ሲሸነፉ ሦስቱም በጨለማ፣ መርከብ ተሳፍረው ጠፉ። ሕዝቡን ከረሃቡና ከሬሳው ጋር ጥለውት።

በዚያው ሳምንት ለወንድሜ ደወልሁለት። ስለ በረዶውና ስለ አርመኖቹ መገደል ያነበብሁትን ነገርሁት፤ እንደሚደነግጥ ገምቼ ነበር።

«ማን ነው የጻፈው?» አለኝ።

«ብዙ ሰው ነው የጻፈው። የራሳቸው አገር ሰዎችም መስክረዋል።»

«ተሸናፊ ሲሆኑ ሁሉም ይጽፍባቸዋል። ትልቅ ሥራ ሲሠራ የሚጎዳ አይጠፋም።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ስለ እነሱ አላወራንም።

ተመርቄ ንፋስ መውጫ ተመደብሁ። ወንድሜ መካነ ኢየሱስ ቀረ። ነገር ሲገለባበጥና አዲስ ሰዎች ወደ ላይ ሲወጡ እሱም አብሮ ወጣ። የወጣቶች ሰብሳቢ ሆነ፤ ቀጥሎም የጸጥታ ኮሚቴ የሚባል ነገር ሲቋቋም ሊቀመንበር ሆነ፤ ቢሮ ተሰጠው። ደስታው በነበረበት ሰሞን ለበዓል ሄጄ ነበር። ሜዳው ላይ ሕዝብ ተሰብስቦ ወንድሜ ሲናገር ሰማሁት። ከመምህራችን የተማረው ነገር ሁሉ ድምፁ ውስጥ ነበር፤ ኪሱ የገቡት እጆቹ ሳይቀሩ። ሲጨርስ ወርዶ ባለወፍጮውን በሰው ፊት አቀፋቸው። «እኚህ አባቴ ናቸው» አለ። ሰውየው አፍረው ፈገግ አሉ፤ ልብሳቸው ላይ የነበረው ዱቄት የወንድሜን ኮት ነጭ አደረገው። ሁሉ ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ፤ ልቤ ግን አልወደደውም። የታቀፉ ሰዎችን ታሪክ አንብቤ ነበርና።

ከዚያ ክፉው ጊዜ መጣ። መንገድ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋና ይከፈታል። በየቦታው ሰው ሞተ ይባላል፤ ማን እንደገደለ ሁሉም በየራሱ ያወራል። በፈራ ከተማ ውስጥ ወሬ እንደሚሆነው ሆነ፤ ወፍጮ ቤቱ ላይ አረፈ። ባለወፍጮው ለዘመዶቹ መረጃ ይሰጣል ተባለ፤ ጎተራው ውስጥ መሣሪያ አለ ተባለ። ኮሚቴው ፈተሸ። እህል ነው ያገኘው፤ የሰው እህል። ወሬው ግን አልቆመም።

እናቴ በጎረቤት ስልክ ደወለችልኝ። «እነ እትዬን ውጡ ብለዋቸዋል» አለች። «ማን?» ስላት፣ «ወንድምሽን ጠይቂው» አለችኝ።

መንገድ በተከፈተበት ቀን በደብረ ታቦር አድርጌ መካነ ኢየሱስ ገባሁ። ቤት እንኳ ሳልደርስ በቀጥታ ቢሮው ሄድሁ። ወንድሜ ጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጧል። ከስቷል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ለአፍታ አዘንሁለት። ከዚያ ተናገረ፣ ኀዘኔም አለቀ።

«ለደኅንነታቸው ነው» አለኝ። «ለጊዜው ነው። ነገሩ ሲረጋጋ ይመለሳሉ።»

«ከማን ነው የምትጠብቃቸው?»

«ወጣቱ ተቆጥቷል።»

«የወጣቱ ሰብሳቢ አንተ አይደለህም?»

«እኔ ባላስወጣቸው ሌላው ቤታቸውን ያቃጥለዋል። ሕይወታቸውን እያዳንሁ ነው፣ ገባሽ?»

«ከሆነ በራፋቸው ላይ ቁም። ሊቀመንበር ነህ አይደል? አንድ ማታ እንኳ በራፋቸው ላይ ቁም፣ ማን እንደሚያቃጥል እንይ።»

ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። «አንቺ መጽሐፍ ነው የምታውቂው። እዚህ አገር እየፈረሰ ነው።»

«እነሱም እንዲህ ነበር ያሉት» አልሁት። ማንን ማለቴ እንደሆነ ገብቶታል። ፊቱ ጠቆረ። ደጅ የሚጠብቁ ሁለት የኮሚቴውን ልጆች ጠርቶ እንዲያስወጡኝ አዘዘ፤ እህቱን። ልጆቹ ተሳቀው ክንዴን ሳይነኩ ከኋላዬ ተከትለው እስከ በሩ ሸኙኝ።

ወደ እናቴ የንስሐ አባት ሄድሁ። «አባቴ፣ እርስዎ ቢናገሩት ይሰማዎታል» አልኋቸው። መሬት መሬት እያዩ፣ «ልጄ፣ ጊዜው ከባድ ነው፤ በጸሎት እናስባቸዋለን» አሉኝ። እጃቸውን ሳልስም ወጣሁ። ይህንን በሕይወቴ አድርጌው አላውቅም ነበር፤ እስካሁንም አልጸጸተኝም።

እነ እትዬ የሄዱበት ቀን ጠዋት እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተቀመጠች። ወንድሜ ከኮሚቴው ልጆች ጋር መኪና ይዞ መጣ። ስታየው ተነሣች።

«አንተ ልጅ» አለችው፤ ፓሻ አላለችውም። «የማንን ጡት ጠብተህ ነው ያደግኸው?»

ሁሉም ሰምቷል። ወንድሜ ቀና አላለም። «እማዬ፣ ቤት ግቢ» አላት።

«ንገራቸው እስቲ። እነዚህ ልጆች ይወቁ። የማንን ጡት ጠብተህ ነው?»

አልፏት ገባ፤ በትከሻው ገፋ አድርጓት ነው ያለፈው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

እትዬ አንድ ፌስታልና አንድ ሻንጣ ይዛ ወጣች። ባሏ ማሽኑን አጥፍተው፣ ሽፋን አልብሰው፣ በሩን ቆለፉ፤ ቁልፉንም ለወንድሜ ሰጡት። «ቀበቶው አርጅቷል፤ ሳይለወጥ እንዳታስነሡት» ብቻ አሉት። እትዬ ወንድሜ ፊት ቆመች። እንደምትረግመው ጠብቄ ነበር፤ ፈልጌም ነበር። እሷ ግን ኮሌታውን አየችና፣ «ከስተሃል፣ ትበላለህ?» አለችው። መኪና ውስጥ ገባች። ጎረቤቱ ሁሉ ከየአጥሩ ጀርባ ነበር። ማንም አልወጣም። እኛ ሁለት ሴቶች ብቻ ነን መንገድ ላይ የቆምነው።

ትምህርት ቤቴ ተዘግቶ ስለነበር እናቴ ቤት ቆየሁ፤ ወር ሳይሞላ ወፍጮው ተነሣ። የሚያሠራው ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ የወንድሜ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበር። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ንብረት ስለሆነ ኮሚቴው እንደሚያስተዳድረው የሚገልጽ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ወንድሜ ያንን የቱርክ ሕግ አንብቦት አያውቅም፤ እኔም ስለ ሕጉ አልነገርሁትም። ቃሉን ከማንም አልተማረውም። ሰው የሰው ነገር ሲመኝ ቃሉ ራሱ ይመጣለታል ማለት ነው።

እናቴ እህሏን እዚያ አላስፈጨችም። በአህያ ጭና ራቅ ወዳለው ቀበሌ ትሄድ ነበር። ዱቄት አውሺን ለሚሏት ጎረቤቶች «ከየትኛው ወፍጮ ነው የምታስፈጩት?» እያለች በሯን ትዘጋባቸው ጀመር።

ወደ ሥራዬ ከመመለሴ በፊት መምህራችን ዘንድ ሄድሁ። ጡረታ ወጥተው ጓሯቸው ውስጥ ድንች ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው። አወቁኝ፤ ደስ አላቸው፤ በርጩማ አወጡልኝ። አልተቀመጥሁም።

«መምህር፣ ስለ ቱርኮቹ ያስተማሩንን ያስታውሳሉ?»

«እንዴት አላስታውስም» አሉ ፈገግ ብለው። «ወንድምሽ በጣም ይወደው ነበር።»

«ቀሪውን ያውቁ ነበር? አርመኖቹን፣ በበረዶ ያለቁትን፣ በመርከብ መጥፋታቸውን?»

ፈገግታቸው ቆመ። «አውቅ ነበር።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«ደወል ተደወለ።»

«በማግሥቱም ክፍለ ጊዜ ነበረን።»

ዶማቸውን መሬት ላይ ተከሉት። «ልጆች ነበራችሁ» አሉ። «እኔ በወጣትነቴ ብዙ ነገር አምኜ ብዙ ጓደኛ ቀብሬያለሁ። የሚያምረውን ክፍል ብቻ ላሳያችሁ አልሁ። ተስፋ ያስፈልጋችኋል ብዬ ነው።»

«የሰጡን ተስፋ አልነበረም።»

«እኔ ወንድምሽን ሰው አባር አላልሁትም።»

«አላሉትም። የሚያባርሩ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን እንዴት እንደሚያምሩ ብቻ ነው የነገሩት።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ለመምህሬ እንዲያ መናገር የማልችል ሴት ነበርሁ። እሳቸው አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። «ድንች ልቋጥርልሽ፣ ለእናትሽ» አሉኝ። አልፈልግም ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሳስበው ግን እኔም እዚያው ክፍል፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ያንኑ ነገር ሰምቻለሁ። ደወሉ ለእኔም ተደውሏል። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ለሽማግሌው ሰጥቼ ወንድሜን ነጻ ላወጣው አልችልም፤ ቁልፉን በእጁ የተቀበለው እሱ ነው።

ላይ ያሉት ሰዎች እንደገና ሲቀያየሩ ኮሚቴው ፈረሰ፤ አባላቱም ተጠያቂ ይሆናሉ የሚል ወሬ ተሰማ። ወንድሜ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ለሚስቱ «ባሕር ዳር ስብሰባ አለብኝ» ብሎ አውቶቡስ ተሳፈረ፤ አልተመለሰም። መሸሹን ለሚስቱ የነገራት ጎረቤት ነው። ሁለት ልጆች አሏት። በእሱ ትእዛዝ በራፍ ሲያንኳኩ የነበሩት የኮሚቴው ልጆች ታሰሩ፤ እሱ ግን አዲስ አበባ አንድ ዘመድ ቤት ነበር።

እትዬና ባሏ ሩቅ ያለ፣ የማያውቁት ከተማ ገብተው ነበር፤ «አገራችሁ» የተባለው ቦታ ማለት ነው። ባሏ እዚያ ታመሙ፤ ሳይቆዩ አረፉ። እትዬ ለእናቴ ደወለችና የወፍጮ ቤቱን ነገር ፍርድ ቤት መጠየቅ እንደምትፈልግ ነገረቻት። ምስክር ያስፈልጋታል። ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ ዞርሁ። አንዱ ታምሟል፣ አንዱ አላየም፣ አንዷ «እኔን ከማን ልታጣይኝ ነው?» አለችኝ። ሁሉም ከአጥር ጀርባ ነበሩ፤ ሁሉንም ስም በስም አውቃቸዋለሁ።

እኔ ተመዘገብሁ። ወንድሜ ከየት እንደሰማ አላውቅም፣ ደወለ።

«በእኔ ላይ ልትመሰክሪ ነው?»

«ያየሁትን ልናገር ነው።»

«እናታችንን ልትገድያት ነው?»

«እናታችን ከእኔ ቀድማ ነው የተመዘገበችው» አልሁት። አላለቀሰም፤ እኔም አላጽናናሁትም።

ዳኛው ፊት እናቴ ቆማ መሰከረች። ወንበር ቢሰጧትም አልተቀመጠችም። ስለ ማሽኑ ስትጠየቅ ስለ ማሽኑ፣ ስለ ቁልፉ ስትጠየቅ ስለ ቁልፉ ተናገረች። «ቁልፉን የተቀበለው ማን ነው?» ሲሏት፣ «ልጄ» አለች። ጸሐፊው ስሙን ጠየቃት። ሙሉ ስሙን ከነአያቱ ነገረችው።

ፍርድ ቤቱ ወፍጮው ለእትዬ እንዲመለስ ወሰነ። ደውዬ ነገርኋት፤ መቼ እንደምትመጣም ጠየቅኋት። «አገሩ ናፍቆኛል» አለችኝ። «አየሩ፣ ውኃው። ሰዎቹን ግን እንዴት አድርጌ ደኅና ዋላችሁ ልበላቸው?» ወፍጮው እንዲሸጥላት ጠየቀችኝ፤ አንድ ከስማዳ የመጣ ሰው ገዛው፤ ማሽኑን ነቅሎ ጭኖ ሄደ።

ወንድሜ ዛሬም አዲስ አበባ ነው። በፌስቡክ ይጽፋል ይሉኛል፤ ስለ ሕዝብ፣ ስለ መሥዋዕትነት። ብዙ ወጣት ይከተለዋል አሉ። እናቴ በበዓል ስልኩን ታነሣለታለች፤ ጤንነቱን ትጠይቀዋለች፣ ትዘጋለች። እኔ አላነሣለትም።